ከነጩ መስመር ያለፈው ክዳን

የቧንቧ መፍቻው እንደገና አዳለጠና የሾፌሩ እጅ ከሞተሩ ብረት ጋር ተላተመ። አንጓው ላይ ቆዳው ተልጦ ደም አቀረረ። ሊሳደብ አፉን ከፈተ፤ አባቱ ከጎኑ በርጩማ ላይ መቀመጣቸው ትዝ ሲለው ግን ስድቡን ከነምራቁ ዋጠው።

«ምነው?» አሉ አባት።

«ምንም አይደል። አዳለጠኝ።»

«ወደ ግራ ነው አይደል የምታዞረው?»

«አባባ፣ ተው እንጂ! ዕድሜዬን መሪ ላይ ጨርሼ ብሎን በየት በኩል እንደሚፈታ ይጠፋኛል?»

«መንዳትና መፍታት ለየቅል ናቸው» አሉና አባት ባርኔጣቸውን ወደ ኋላ ገፋ አደረጉ። «መምህሩ እስኪመጣ ለምን አንጠብቅም? አሁን ይደርሳል።»

ይኸው ነው እንግዲህ። ሾፌሩን ከሞቀ አልጋው ያስነሳው፣ የእረፍት ቀኑን ትቶ ገና ጎረቤት መስኮቱን ሳይከፍት እዚህ የወላጆቹ ግቢ ያደረሰው ይህ ቃል ነው፤ መምህሩ።

መምህሩ የእህቱ ባል ነው። ጂኦግራፊ ያስተምራል። እህቱን ያገባ ሰሞን መፍቻ ቢሰጡት እጀታው የቱ እንደሆነ የሚጠይቅ ዓይነት ሰው ነበር። አባት ደግሞ ጋራዥ ውስጥ ፀጉራቸውን ያሸበቱ መካኒክ ናቸው፤ ጡረታ ከወጡ በኋላም የቤታቸውን መኪና ዘይት ከግቢያቸው ውጭ አስቀይረው አያውቁም። እናም ይህን ሥራ ለአማቻቸው አስተማሩት። ለልጃቸው ሳይሆን ለአማቻቸው! ልጃቸው ለዳቦ ፋብሪካ ዳቦ እያዞረ የሚያከፋፍል ሾፌር ነው፤ መኪናውን የሚያየው የፋብሪካው ጋራዥ ስለሆነ ከመሪና ከፍሬን ያለፈ ነገር አይነካም። ድሮ ግን አባቱ መኪና ሥር ሲገቡ ባትሪ የሚያበራላቸው እሱ ነበር። ከአምና ወዲህ ግን ወደ መኪናዋ ጠጋ ባለ ቁጥር «አንተ ሳምንቱን ሙሉ ስትለፋ ከርመህ! ግባና እረፍ» ይሉታል። መምህሩን እረፍ የሚለው የለም። ጠመኔ አያደክም ይሆናል።

ሾፌሩ ለዚህ ስሜቱ ሌላ ስም ሊያወጣለት ብዙ ሞክሯል። ቅሬታ ነው ብሎ ነበር፤ ለእህቱ ማሰብ ነው ብሎም ነበር። ነገር ግን ቅናት ነው፣ ያውም አንጀት የሚልጥ። ባለፈው እሁድ እህቱ ቤት ምሳ ሲበሉ አባት እጃቸውን መምህሩ ትከሻ ላይ ጣል አድርገው «ይሄ ልጅ ባይኖር መኪናችን ቆማ ነበር የምትቀረው» አሉ። ይሄ ልጅ! ልጅየው፣ የምሩ ልጅ፣ ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ እያላመጠ ነበር። እዚያው ማዕድ ላይ እያለ ነው መምህሩ ሳይደርስ ዘይቱን ቀይሮ፣ እጁን ታጥቦ፣ እግሩን አንፈራጦ ሊጠብቀው የወሰነው።

ዕቅዱ ከጅምሩ ተንገዳገደ። የመሣሪያውን ሣጥን ሲከፍት «ኩባያው» የለም።

ኩባያው አባት በእጃቸው የሠሩት መፍቻ ነው። በሞተሩ ጎን የሻይ ብርጭቆ የሚያህል ጥቁር የፕላስቲክ ክዳን አለ፤ ዘይት የሚያጣራው ፊልትሮ የሚቀመጠው በእሱ ውስጥ ነው። ኩባያው ይህን ክዳን እንደ ቆብ ግጥም አድርጎ ይዞ ያዞረዋል። ሾፌሩ አባቱ ይህን ብረት ሲሞርዱ አጠገባቸው ቆሞ አይቷል። ቤቱም መሬቱም ለፈለገው ይሁን፤ ኩባያው አንድ ቀን የእሱ እንደሚሆን ግን ተጠራጥሮ አያውቅም ነበር።

«አባባ፣ ኩባያው የት ሄደ?»

አባት አንገታቸውን አከኩ። «መምህሩ ጋ ነው።»

«እሱ ጋ ምን ይሠራል?»

«ወሰደው። ያመጣዋል።» ከዚያ ቶሎ ብለው «የቧንቧ መፍቻው ከሥር አለልህ። በጨርቅ ጠቅልለው፣ ይይዛል» አሉ።

ሾፌሩ ሌላ አልጠየቀም። ወስዶት ነው ወይስ ሰጥተውት? መልሱን መስማት አልፈለገም። ቀና ሲል ደግሞ ግድግዳው ላይ፣ ሚስማሩ ላይ፣ የመምህሩ ጃንጥላ ተንጠልጥሎ አየ። አቧራ ለብሷል። እናቱ በሳቅ የሚያወሩት ነገር ነው፤ መምህሩ ይህችን መኪና በሠራ ቁጥር አንድ ነገር ሳይረሳ አይሄድም። አንዴ ሻርፑን፣ አንዴ መነጽሩን፣ አንዴ የተማሪዎቹን ደብተር። በማግስቱ ሊወስድ ይመለሳል፤ እናትም ሻይ ያፈሉለታል። ያለፈው ጊዜ ጃንጥላውን ጥሎ ሄደና እስካሁን አልወሰደውም። ለሾፌሩ ይህ መርሳት አይመስለውም። ሰውየው ዕቃውን በየተራ እያስገባ የአባቱን ቤት እየያዘ ነው የሚመስለው።

በዚህ ሁሉ ንዴት ውስጥ ሆኖ ሞተሩን አስነስቶ ዘይቱን አሞቀ፤ አጠፋው፤ መኪናዋ ሥር ገብቶ የታችኛውን ብሎን ፈታ። ጥቁሩ ዘይት እየተጥመለመለ ወደ ሳፋው ይወርድ ጀመር። አባት ከበርጩማቸው ጎንበስ ብለው ሌባ ጣታቸውን ከሚወርደው ዘይት ውስጥ ከተቱና አቆዩት።

«ገና ነው፤ አልሞቀም» አሉ። «ትንሽ ማሞቅ ነበረብህ።»

ሾፌሩም እንደ አባቱ ጣቱን ሰደደ። ወዲያው አስፈንጥሮ መለሰው። ይፋጃል! አባቱ ግን ጣታቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ነበር፣ ፊታቸው ላይ ምንም የለም። የድሮ ሰው እጅ ይሏል ይህን፣ አለ በልቡ፤ ኮራባቸውም። እሱ የዳቦ ቅርጫት ያለሰለሰው እጁን አፈረበት።

ከዚያ ወደ ክዳኑ መጣ። ክዳኑ ግን ወይ ፍንክች! በጨርቅ ይዞ ሞከረው፤ የብርጭቆ ወረቀት ጠቅልሎ ሞከረው፤ በስተመጨረሻም የቧንቧ መፍቻውን ጥርስ አስነከሰው። ሲያስነክሰው አንድ ነገር አየ። ከእሱ በፊት ፕላስቲኩን የነከሰ ሌላ ጥርስ አለ፤ ቆየት ያለ፣ ውስጡ እድፍ የገባበት ንክሻ። የመምህሩ ሥራ፣ አለ። እልሁ ባሰበት። እንዲህ እየታገለ ነው መፍቻው ያዳለጠውና ቆዳው የተላጠው።

የግቢው በር ተንኳኳና መምህሩ ገባ። በአንድ እጁ ፌስታል፣ በሌላው አሮጌ ቦርሳውን ይዟል። ኩባያው ከቦርሳው አፍ ብቅ ብሎ ይታያል።

«እንደምን አደሩ አባባ?» አለ። አባባ ይላል! እርስዎ እያለም አባባ ይላል። ሾፌሩ ከልጅነቱ ጀምሮ አንተ የሚላቸውን ሰው፣ ይህ ሰው እርስዎ እያለ የበለጠ የቀረባቸው እንዴት እንደሆነ አይገባውም።

«ደህና አደርክ ልጄ» አሉ አባት።

«ጀመራችሁት እንዴ? ሳትጠብቁኝ?» መምህሩ አጎንብሶ ሞተሩን ሲያይ ፊቱ ልውጥ አለ። «አልፈታም አለ?»

ሾፌሩ የጠበቃት ሰዓት መጣች። «የእጅህን ሥራ እያየንልህ ነው» አለ፣ ድምፁን ለጎረቤት ጭምር ከፍ አድርጎ። «ና ተመልከት! ክዳን እንዲህ ይጠበቃል? ፕላስቲክ እኮ ነው። አሁን ቢሰነጠቅ እናቴ ሰኞ በምን ልትሄድ ነው? ይኸው፣ በመፍቻ ጥርስ አስነክሰህ ጭምር ነው ያጠበቅከው። አባባ ይህን ሁሉ ጊዜ ሲያስተምርህ ከርሞ በመጨረሻ ይሄ ነው?»

አባት የጫማቸውን ጫፍ ያዩ ጀመር። እጃቸው ሁለቱም ኮት ኪሳቸው ውስጥ ነው።

«አንተ ነህ እንዴ ያጠበቅከው?» አሉ መምህሩን፣ በቀስታ።

መምህሩ ክዳኑን አየ፤ ቀጥሎ የአባትን ፊት አየ። «እኔ ነኝ አባባ» አለ። «ሳላስበው ጉልበት አበዛሁበት። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ሾፌሩ በልቡ ጮቤ ረገጠ። አባት ግን አልተቆጡም፤ «ይሁን፣ ያጋጥማል» ብቻ አሉ። እንደሱ ሲሉ እናት ከቤት ወጥተው በረንዳው ላይ ሆነው ተጣሩ።

«ኧረ ስልክ ነው! ያ የጋራዥ ጓደኛህ ነው፤ ደግሞ ወሬ እንዳታስረዝሙ!»

አባት ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡና ገቡ። ሁለቱ ሰዎች ከነሞተሩ ቀሩ። ሾፌሩ ድሉን በደንብ ሊያጣጥም ጨርቅ አነሣና ክዳኑን ዙሪያውን ጠረገ፤ መምህሩ ንክሻውን በደንብ ይየው ብሎ ነው። ከጥቀርሻው ሥር ነጭ መስመር ብቅ አለ።

ይህችን መስመር ያውቃታል። የአባቱ የጋራዥ ሕግ ናት። አንድ ነገር ከተዘጋ በኋላ ከክዳኑ ተነሥቶ እስከ ሞተሩ አካል የሚደርስ አንድ ነጭ መስመር ይሰመራል፤ መስመሩ ቀጥ ብሎ ከቆየ ማንም አልነካውም፣ ከተቆረጠ ከተዘጋ በኋላ ሰው አዙሮታል። መምህሩ ወረቀት ላይ ስህተት በሚያጠፋበት ነጭ ቀለም ነው የሚያሰምረው፤ አባት በዚህ ስቀው አይጠግቡም። አሁን የመስመሩ ግማሽ ሞተሩ ላይ ቆሟል። ክዳኑ ላይ ያለው ግማሽ ግን ሁለት ጣት ያህል ወደ ቀኝ አልፎ ሄዷል።

ሾፌሩ ጨርቁን እንደያዘ ቆመ።

«ይህን መስመር ማን አሰመረው?»

«እኔ።»

«ዘግተህ ስትጨርስ?»

«አዎ።»

«ታዲያ ክዳኑ የጠበቀው አንተ ካሰመርክ በኋላ ነዋ!»

መምህሩ ኩባያውን ከቦርሳው አወጣና በሸሚዙ ጫፍ ይጠርገው ጀመር።

«ማን ነው ያዞረው? እየጠየቅኩህ እኮ ነው!»

«እኔ ነኝ አልኩህ አይደል?»

«ውሸትህን ነው። ኩባያው አንተ ጋ እያለ በቧንቧ መፍቻ የምታጠብቀው ለምንድን ነው?»

ይህን እንዳለ የገዛ ጣቱ ጠዘጠዘው። ዘይቱ ነው፣ ያ የሚፋጀው ዘይት። አባቱ ጣታቸውን ከትተው «አልሞቀም» ያሉበት። ሾፌሩ ዓይኑን ከክዳኑ አንሥቶ ቤቱን አየ። በመስኮቱ በኩል አባቱ ስልኩን በሁለት እጃቸው ጥፍር አድርገው ይዘው፣ ደግሞም መያዛቸውን ለማረጋገጥ ዝቅ ብለው እያዩት ያወራሉ።

«እጃቸው አይሰማቸውም?» አለ፣ ድምፁ ጠፍቶ።

«ጣቶቻቸው ደንዝዘዋል» አለ መምህሩ። «ስኳሩ ሳይሆን አይቀርም። መድኃኒቱን በሰዓቱ ይወስዳሉ፤ ስለ እጃቸው ግን ለማንም አይተነፍሱም።»

«ላንተ ግን ነገሩህ!»

«አልነገሩኝም። አይቼ ነው። አምና አንድ ቀን ‹ያቺን ብሎን እንካ› ብለው እጃቸውን ዘረጉልኝ። እጃቸው ባዶ ነው። ብሎኗ ወድቃ እግራቸው ሥር ናት፤ እሳቸው ግን የያዟት መስሏቸዋል። ከእጃቸው እንደተቀበልኩ ሆኜ ኋላ ከመሬት አነሣኋት።»

ሾፌሩ ጨርቁን ሞተሩ ላይ አስቀመጠ። መምህሩ ቀጠለ፦

«‹ጥብቀቱን እጄ ያውቀዋል› ይሉ የለ? አሁን አያውቀውም። እኔ ከዘጋሁት በኋላ ላልቶ እንዳይሆን ይሰጋሉ መሰለኝ፣ እኔ ስሄድ ወጥተው እንደገና ያዞሩታል። በማግስቱ እመጣና ሳያዩኝ አላልቼ እመልሰዋለሁ። ኩባያውን የወሰድኩትም እሱ ከሌለ ይተዉታል ብዬ ነው። ለካ የቧንቧ መፍቻ አለ።»

«በማግስቱ ምን ብለህ ነው የምትመጣው?»

መምህሩ አፍሮ ወደ ግድግዳው አየ። ሾፌሩም አየ። ጃንጥላው አቧራውን ለብሶ ሚስማሩ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ያለፈው ጊዜ ልጄ ታመመችብኝ፣ ሳልመጣ ቀረሁ» አለ መምህሩ። «ከዚያ በኋላ በመጣሁ ቁጥር እሳቸው ግቢ ውስጥ ናቸው፤ አልተመቸኝም። ጥፋቱ የእኔ ነው ያልኩህ እውነቴን ነው።»

«ለእኔ መንገር አቅቶህ?»

«ከሁሉ አብልጠው የሚደብቁት እኮ ካንተ ነው! አንተ ስትመጣ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ይከታሉ። አላየህም?»

አላየም። የመምህሩን እጅ ሲከታተል ከርሞ የአባቱን እጅ አላየም። «ግባና እረፍ» የሚሉት ለምን እንደነበር አሁን ገባው፤ ሲገባውም ፊቱ ጋለ።

ይህን ከሰማ በኋላ ቅናቱ ብን ብሎ ቢጠፋለት ደግ ነበር። አልጠፋም፣ እንዲያውም ባሰበት። አሁን የሚቀናው በኩባያው አይደለም፤ በእሁዱ ምስጋናም አይደለም። አምና መሬት ላይ ወድቃ በተገኘችው ብሎን ነው የሚቀናው። ያን ባዶ እጅ ያየው እሱ ሊሆን ይገባ ነበር፤ እንደያዙ ቆጥሮ የሚቀበላቸውም እሱ፣ ልጃቸው።

«አምጣው» አለ በመጨረሻ፣ ወደ ኩባያው እየጠቆመ። «አንተ ክዳኑ ላይ ተጭነህ ያዝልኝ፣ እኔ ላዙር።»

አንዱ ተጫነ፣ አንዱ አዞረ። መምህሩ ጥርሱን ነክሶ «ቀስ፣ ቀስ» ይላል። ክዳኑ መጀመሪያ አቃሰተ፤ ከዚያ ጠቅ አለና ለቀቀ። አልተሰነጠቀም። የክዳኑ የጎማ ቀለበት ተጨፍልቆ እንደ ክር ሆኗል። አዲሱን ቀለበት ዘይት ቀቡት፤ አዲሱን ፊልትሮ አስገቡ፤ ክዳኑን በእጅ መለሱት።

አባት ስልካቸውን ጨርሰው ሲመጡ እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ነበር።

«ፈታችሁት እንዴ?»

«ተፈታ» አለ መምህሩ።

«ጎበዝ! ለሌላ ጊዜ ግን መምህሩ፣ እንዲህ አታጥብቀው። እኔ እንዲህ ነው ያስተማርኩህ?» አሉ። በቁጣ አይደለም፣ ግን ዓይናቸው ከሞተሩ ወደ መምህሩ፣ ከመምህሩ ወደ ሞተሩ ይመላለሳል። አንድ ነገር እንደሚጠረጥሩና እንዳይሆን እንደሚለምኑ ያስታውቃል።

ሾፌሩ ዝም ቢል በቃ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ የተመኘው ይኸው በገዛ አባቱ አፍ እየተነገረለት ነው፣ ያውም መምህሩ አንገቱን ደፍቶ።

«እሱ አይደለም አባባ» አለ።

«እ?»

«እኔ ነኝ። ስጀምር ወደ ቀኝ አዙሬው ነበር፣ ባለ በሌለ ኃይሌ። አፍሬ ነው በሱ ላይ ያላከክኩት።»

አባት ቀና ብለው አዩት። ከዚያ ሳቅ ፈነዳባቸው። «አላልኩህም?! ወደ ግራ ነው ወይ ብዬ አልጠየቅኩህም? ‹ዕድሜዬን መሪ ላይ ጨርሼ› አላለኝም ደግሞ! አንቺ! ነይ ስሚ የልጅሽን ጉድ! ሾፌር ተብዬው ክዳን ሲፈታ እያጠበቀ ነው ለካ የቆየው!»

እናት ከውስጥ ሳቁ። መምህሩ ዞር ብሎ ቦርሳው ውስጥ የሌለ ነገር ይፈልግ ጀመር። ሾፌሩ እስከ ጆሮ ግንዱ ድረስ ቀላ፤ ይህች ነገር በየምሳው እንደምትነሣበት ያውቃል፣ እህቱ ቤትም ዛሬውኑ ትደርሳለች። አባቱ ግን ሳቃቸው እንባ እስኪያወጣ እየሳቁ ዓይናቸውን በሁለት እጃቸው ይጠርጉ ነበር። ሌባ ጣታቸው ጫፍ ላይ ትንሽ ውሃ የቋጠረ ቃጠሎ አለ።

«በሉ እንግዲህ» አሉ ሲያባራላቸው። «የመጨረሻዋን እኔ ላጥብቃት። እናንተንስ አላምናችሁም።»

መምህሩ «አባባ፣ እኔ እኮ...» ብሎ ጀመረ። ሾፌሩ ቀደመውና ኩባያውን በአባቱ መዳፍ ላይ አስቀመጠ፤ መያዛቸውን እስኪያይ ድረስም እጁን አላነሣም። አባት ገጥመው አዞሩ። የሚበቃውን እጥፍ አዞሩ። ፕላስቲኩ ሲጥ አለ፤ የሾፌሩ መንጋጋም አብሮ ሲጥ ያለ መሰለው፣ ግን አልተናገረም።

«እጄ ያውቀዋል» አሉ አባት፣ ወገባቸውን እያቃኑ።

«ያውቀዋል» አለ ሾፌሩ። ነጩን ቀለም ከመምህሩ ተቀብሎ፣ አባቱ ባቆሙበት ላይ መስመሯን ራሱ አሰመራት።

አዲሱን ዘይት ሞልተው፣ ሞተሩን አስነሥተው፣ ፍሳሽ እንደሌለ አይተው ኮፈኑን ዘጉ። አባት ሊታጠቡ ገቡ። መምህሩ ጃንጥላውን ከሚስማሩ አወረደና አቧራውን አራገፈ። ቀጥሎ ቀስ ብሎ የመነጽሩን ማኅደር ከኪሱ አውጥቶ በርጩማው ላይ ሊያስቀምጥ ሲል ሾፌሩ ክንዱን ያዘው።

«ዕቃህን ይዘህ ሂድ» አለው።

«ነገስ?»

«ነገ አንተን አይመለከትህም።»

መምህሩ አየት አደረገውና ማኅደሩን ወደ ኪሱ መለሰ። ሾፌሩ ኩባያውን በጨርቅ ጠቅልሎ በራሱ ቦርሳ ከተተ። ከዚያ የሥራ ጃኬቱን አወለቀ። ብርድ አለ፤ ቢሆንም ባዶ የቀረው ሚስማር ላይ ሰቀለውና ወደ በሩ ተራመደ።

«አንተ ልጅ!» አሉ እናቱ ከመስኮቱ። «ኧረ ጃኬትህን ረሳህ!»

ሾፌሩ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ የግቢውን በር ከኋላው ዘጋ።